ውሻዬ ቡቺ ሲቆም የኋላ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲተኛ ይተወዋል፤ እርጅና ነው በቃ?

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን የሰው ማስታገሻ ኪኒን ወደነበረበት መልሺው። ለቡቺ ግማሹንም ሩቡንም እንዳትሰጪው፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ደብዳቤሽን ላላዩት ባጭሩ ልንገራቸው። ቡቺ 9 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ትንሽ ወፈር ያለ ወንድ ውሻ። ሰሞኑን ቆሞ ምግቡን እየበላ የኋላ እግሮቹ ድንገት መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ደንግጠሽ አቅፈሽ አስተኛሽው፣ ሲተኛ ተወው። ከዛ ወዲህ ሲቆም ሲቆም በተለይ ማታ ላይ ይመለሳል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስትገቢ ጭራውን እየቆላ ይቀበልሻል፣ ግን ደረጃ ጋ ሲደርስ ማመንታት ጀምሯል። ወንድምሽ ብርድ ነው አለሽ፣ ጎረቤትሽ አርጅቷል በቃ አለችሽ፣ አንድ ዘመድሽ ደግሞ አይቡፕሮፌን ግማሽ ስጪው ይተወዋል አለሽ። ማንን ልስማ ነው ጥያቄሽ።

ኪኒኑን ያስቀደምኩት በጣም ስለሚያሰጋኝ ነው። አይቡፕሮፌን ለሰው ቀላል መድኃኒት ነው፣ ውሻ ላይ ግን ጨጓራና አንጀቱን ያቆስላል፣ ከፍ ሲል ኩላሊቱን ያደክማል፣ ዲክሎፌናክም እንደዛው ነው፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበቱን ይጎዳል ደሙም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላም ነገር አለ፣ ዛሬ የሰው ማስታገሻ ሰጥተሽው ነገ ሐኪም ጋ ብትወስጂው ሐኪሙ ለውሻ የተሰራውን ማስታገሻ ወዲያው ሊጀምርለት አይችልም፣ ሁለቱ ተደራርበው ሆዱን እንዳያደሙት ቀናት መጠበቅ አለበት፣ ቡቺ እዛው ህመሙ ላይ ይቆያል ማለት ነው። ከዚህ በፊት ሰጥተሽው ከሆነ ደግሞ አትደብቂ፣ ምን ያህል እና መቼ እንደሰጠሽው ለሐኪሙ ንገሪው፣ ማንም አይቆጣሽም፣ ዛሬ የሰጠሽው ከሆነ ግን አሁኑኑ ደውይ።

እሺ አሁን ወደ እግሩ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም የጠቀመኝ "ሲተኛ ይተወዋል" ያልሽው ነው። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ስለተኛ ብቻ አይተወውም፣ ሲሞቀው ነው የሚተወው፣ ደሞ እግሩ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ ሁሉ ነው የሚንዘፈዘፈው። በፍርሃት የሚንቀጠቀጥም እንደዛው፣ ነጎድጓድ ወይ ርችት ሰምቶ ከአልጋ ስር ገብቶ ተኝቶም ይንቀጠቀጣል። ትኩሳት ያለበትም ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። የቡቺ ግን የሚመጣው እግሩ ክብደት ሲሸከም ብቻ ነው፣ ክብደቱ ሲነሳለት ይጠፋል። ይሄ ማለት ነገሩ ያለው እዛው የሚሸከመው ክፍል ላይ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፦ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ወይም የታፋ ጡንቻ።

ምን መሰለሽ፣ ከባድ ዕቃ ክንድሽን ዘርግተሽ ብትይዢ ትንሽ ቆይቶ እጅሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል አይደል፣ ጡንቻው ሲደክመው አንድ ላይ ተስማምቶ መሳብ ስለሚያቅተው ነው። የቡቺም ታፋ ሰውነቱን ለመሸከም እንደዛ እየለፋ ይሆናል። ጥያቄው ለምንድነው በገዛ ክብደቱ የሚለፋው ነው። አንዱ መልስ ጡንቻው ሳስቷል ነው። የሚሳሳው ደግሞ ባብዛኛው ውሻው የሚያመውን እግር ለረጅም ጊዜ ቆጠብ እያደረገ ክብደቱን ወደፊት እግሮቹ ስለሚያሸጋግር ነው። ስለዚህ ዛሬ ድንገት የመጣ የሚመስለው መንቀጥቀጥ ወራት ሲያዘግም የቆየ ነገር ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ዛሬ አየሽው እንጂ።

ጎረቤትሽ ያለችው ላይ ትንሽ ልቆይ። አርጅቷል የሚለው ቃል ብዙ ውሻ ህመሙን ይዞ እንዲኖር አድርጓል፣ በጣም ያሳዝነኛል። እርጅና ራሱ በሽታ አይደለም፣ ከእርጅና ጋር የሚመጡት ግን በሽታዎች ናቸው፣ አብዛኞቹንም ማዳን ባይቻል እንኳ ማስታገስ ይቻላል። አዎ፣ አንዳንድ ያረጁ ውሾች ምንም ሳያማቸው የኋላ እግራቸው ሲቆሙ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀንሳል፣ እንዲህ አይነት ነገር አለ አልክድም። ግን እሱ የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ከተጣራ በኋላ ነው፣ ከሩቅ በግምት አይደለም። ደሞ 9 ዓመት ለመካከለኛ ውሻ ገና ብዙ የሚኖርበት ዕድሜ ነው።

"ይበላል ጭራውን ይቆላል ስለዚህ አላመመውም" እንዳትዪ ደግሞ። ውሻ ህመሙን ይደብቃል፣ ጭራ የሚቆላው አንቺን ስላየ ነው፣ የሚበላውም ስለራበው ነው፣ ጉልበቱ እያመመውም ሁለቱንም ያደርጋል። ህመሙን የምታገኚው ሌላ ቦታ ነው። ከተኛበት ሲነሳ ፊት እግሩን አስቀድሞ እየተጎተተ ነው የሚነሳው? ድሮ የሚዘልበት ሶፋ ላይ መውጣት ትቷል? አንድ ቦታ ደጋግሞ ይልሳል? ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግር አንድ ላይ እንደ ጥንቸል ያነሳል? ሲቀመጥ አንዱን እግር ወደ ጎን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው? ሌሊት ሳይሞቀው ያለከልካል? ወገቡን ስትነኪው ዞር ብሎ ያይሻል ወይ ቆዳው ይርገበገባል? ከነዚህ ሁለት ሶስቱን አዎ ካልሽ ህመም አለ ብለሽ ተነሺ። ደረጃው ላይ ማመንታቱን ራሱ እኔ እዚህ ውስጥ ነው የምቆጥረው።

ሁለት ነገር ቤት ውስጥ ማየት ትችያለሽ፣ ሳታስጨንቂው። አንደኛ፣ ቆሞ እያለ ከኋላው ሆነሽ ሁለቱን ታፋ በሁለት እጅሽ ባንዴ ያዢ፣ አንዱ ከሌላው ቀጠን ብሎ ለስለስ ካለ ያኛው እግር ስራ ካቆመ ቆይቷል። ሁለተኛው ደግሞ ሆዱ ስር በአንድ እጅሽ ደግፈሽው የአንዱን የኋላ እግር መዳፍ ቀስ ብለሽ ገልብጪና ጀርባው መሬት እንዲነካ አድርጊ፣ ደህና የሆነ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል፣ ሰከንድ አይፈጅበትም። እንደተገለበጠ ከተወው ወይ ዘግይቶ ከመለሰው ችግሩ መገጣጠሚያ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ነርቭ ወይ አከርካሪ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ይሄ ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም። የኋላ ጥፍሮቹንም እያቸው፣ ላይ ላዩ ተፍቆ ከሆነ ሲሄድ እግሩን እየጎተተ ነው። ካመመውና ካጉረመረመ ግን ተዪው፣ አታስገድጂው፣ የራስሽ ውሻም ቢሆን ሲያመው ይነክሳል።

ምን ሊሆን ይችላል ካልሽኝ፣ በዚህ ዕድሜና በዚህ ክብደት መጀመሪያ የማስበው የዳሌ ወይ የጉልበት አርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። ዳሌው ከቡችላነቱ ጀምሮ በደንብ ሳይገጥም አድጎ ሊሆን ይችላል፣ ልጅ እያለ ጡንቻው ይዞት ኖረና አሁን ሲሳሳ ወጣ። ጉልበት ላይ ደግሞ ከፊት ያለው የውስጥ ጅማት አለ፣ ሰው ላይ ኳስ ሲጫወት ባንዴ የሚበጠሰው፣ ውሻ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ እየተሸረሸረ ነው የሚበጠሰው፣ ግማሹ ከተበጠሰ ውሻው ትንሽ ያነክሳል ይተወዋል፣ ያነክሳል ይተወዋል። የአንዱ ከተጎዳ ብዙ ውሾች ላይ የሌላውም ይከተላል፣ ሁለቱም ከሆነ ማነከሱ ራሱ አይታይም ምክንያቱም የሚያሳርፍበት ደህና እግር የለውም፣ ሁለቱም ይብረከረካሉ ብቻ።

ከዛ ወገብ አለ። በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ሲጫን የኋላ እግር ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል፣ ይንገዳገዳል። ዳክስሁንድና እንደሱ ጀርባቸው ረጅም እግራቸው አጭር የሆኑት ላይ ይበዛል፣ ግን ማንኛውም ውሻ ላይ ይመጣል። ይሄንን አጥብቄ የምነግርሽ ፍጥነቱ ስለሚያስፈራኝ ነው፦ ጠዋት ወገቡን ጎበጥ አድርጎ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ውሻ ማታ ላይ የኋላ እግሩን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ሊያቅተው ይችላል፣ እዛ ላይ የምታባክኚው ሰዓት ሁሉ ከመዳን እድሉ ላይ ነው የሚቀነሰው። እግሩን መጎተት ከጀመረ፣ መቆም ካቃተው፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይ መሽናት ካልቻለ፣ ሲነካ ከጮኸ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ። ስታነሺው አንድ ክንድሽን ደረቱ ስር ሌላውን ዳሌው ስር አድርገሽ ጀርባው ቀጥ እንዳለ አንሺው፣ በብብቱ አታንጠልጥዪው።

አሁን ደግሞ ይሄን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ፣ ውሻቸውም እንደ ቡቺ ሳይሆን ሌላ አይነት የሚንቀጠቀጥ ስለሚኖር እሱንም ልበል፣ አንዳንዱ ደቂቃ የማይሰጥ ነው።

ሰውነቱ ሁሉ ድንገት መንዘፍዘፍ ከጀመረ፣ ከለሃጭ፣ ከማስመለስ፣ ከመንገዳገድ ወይ ከሰፋ የዓይን ብሌን ጋር ከሆነ መርዝ ነው ብላችሁ ተነሱ። የአይጥና የቀንድ አውጣ መርዝ፣ የተባይ ማጥፊያ፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ ቡና፣ የሻገተ ቆሻሻ ምግብ፣ ሁሉም ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ። ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ የውሻን የደም ስኳር ባንድ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። እየተንቀጠቀጠ ያለ ውሻን እንዲያስመልስ አታድርጉ፣ ወተትም ዘይትም አትጋቱት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። የበላውን ነገር ማሸጊያ ካገኛችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ለሐኪሙ ከምንም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሰሞኑን ወልዳ የምታጠባ ውሻ፣ በተለይ ትንሽዬ ሆና ብዙ ቡችላ ያላት፣ እግሯ ከደረቀ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ካለከለከች፣ ከተቅበጠበጠች ካልሲየሟ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወለደች በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፣ ካልታከመች ትሞታለች፣ በደም ስር ካልሲየም ሲሰጣት ግን ዓይናችሁ እያየ ትመለሳለች። ቡችሎቹን ከጡቷ አርቁና ወዲያው ውሰዷት። በእርግዝናዋ ጊዜ ለጥንቃቄ ብላችሁ ካልሲየም አትስጧት ደሞ፣ ሰውነቷ ራሱ ካልሲየም ከአጥንት ማውጣቱን ያሰንፈዋል፣ ችግሩን ይጠራዋል እንጂ አያስቀረውም።

በጣም ትንሽ ዝርያ የሆነ ቡችላ ሳይበላ ቆይቶ ከተንቀጠቀጠና ከደነዘዘ ስኳሩ ወርዶ ነው የሚሆነው፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ድዱ ላይ ትንሽ ማር ወይ የስኳር ውሃ ቀቡለትና ወደ ሐኪም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ።

ክትባት ያልጨረሰ ውሻ፣ ቀደም ብሎ ዓይኑና አፍንጫው ሲፈስ ወይ ሲያስቀምጠው የነበረ፣ አሁን አንድ እግሩ ወይ መንጋጋው ልክ እንደ ልብ ምት እየደጋገመ የሚወራጭ ከሆነ፣ ተኝቶም ነቅቶም የማይተወው ከሆነ፣ ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ የቫይረስ በሽታ ነው የሚጠረጠረው። እንቅልፍ ላይ እግሩን እንደሚሮጥ የሚያወናጭፍ ጤነኛ ውሻ ግን ሌላ ነው፣ እያለመ ነው፣ ተዉት። ክትባት የሌለው ውሻ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ የኋላ እግሩ ከከዳው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ምን ዋጠ ብላችሁ አፉን እንዳትከፍቱ፣ ሰው ሳታስነኩ ለይታችሁ ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይ ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዛው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂድ።

የሚጥል በሽታ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል፣ ከጻፍሽው አይመስለኝም። ስሙን ስትጠሪው ያይሻል፣ ምግብ ስታሳይው ይከተላል፣ ሲተኛ ይተወዋል፣ የሚጥል በሽታ እንዲህ አይታዘዝም፣ በተኛበትም ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ራሱን አያውቅም፣ ካለፈ በኋላም ግራ ተጋብቶ ይንከራተታል። አንዳንዴ አንድ እግር ብቻ የሚይዝ አለ፣ እሱን ከሌላው መለየት የሚቻለው በቪዲዮ ነው። ማንኛውም ውሻ ሲጥለው ግን አፉ ውስጥ እጅ አታስገቡ፣ ምላሱን አይውጠውም፣ የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ አንሱና ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ተከታትሎ ከመጣ ድንገተኛ ነው። ጭንቅላቱ ብቻ የሚወዛወዝ ቡልዶግ ወይ ዶበርማን፣ ገና ወጣት ሆኖ ሲቆም ብቻ እግሩ የሚርገፈገፍ ግሬት ዴን፣ ሰውነቱ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ ነጭ ውሻ እንደ ማልቲዝ ያለ፣ እነዚህ የየራሳቸው የታወቁ አይነቶች አሏቸው፣ ብዙዎቹ አይገድሉም፣ ሐኪም አይቶ ይለያቸዋል።

ወደ ቡቺ ልመለስ። ዛሬ ማታ ሲንቀጠቀጥ ስልክሽን አውጪና ቅረጪው፣ ከጎንም ከኋላም፣ ሲቆምም፣ ሲራመድም፣ ሲነሳም። ክሊኒክ ሲደርስ ከድንጋጤው የተነሳ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሐኪሙም የሚያየው አያገኝም፣ ቪዲዮው ነው የሚመሰክርልሽ። የሚያንሸራትት ወለል ካለሽ የሚመላለስበት ላይ ምንጣፍ አንጥፊ፣ እግሩ በተንሸራተተ ቁጥር ጅማቱ ይሳባል። ጥፍሩን አሳጥሪለት፣ በመዳፉ መሀል ያደገውን ፀጉርም ቁረጪለት። ደረጃውንና ሶፋውን ለጊዜው ይተው፣ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ሽንት ለማስወጣት ያህል ብቻ በማሰሪያ እያወጣሽ መልሺው፣ ኳስ መወርወር ይቅር። ወፈር ያለ ብለሻል፣ እጅሽን ጎኑ ላይ አድርጊ፣ ሳትጫኚ የጎን አጥንቱ ካልተሰማሽ ከልኩ አልፏል፣ እዛ ላይ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ በቀጥታ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ክብደት መቀነስ ብቻውን ብዙ ውሻ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ከኪኒን እኩል ነው ብል አላጋነንኩም፣ ግን በረሃብ አይደለም፣ ሐኪሙ መጠኑን አስልቶ ይስጥሽ።

ይሄ ሁሉ ሐኪምን አይተካም። የገለጽሽው ነገር እግሩ እስካልተባባሰ ድረስ የዛሬ ሌሊት ድንገተኛ አይደለም፣ ግን የዚህ ሳምንት ጉዳይ ነው፣ የሚቀጥለው ወር አይደለም። ሐኪሙ አካሄዱን ያያል፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ያጥፋል ይዘረጋል፣ ኤክስሬይ ሊያዝ ይችላል፣ ጥሩ ምስል እንዲገኝ ማደንዘዣ ሊያስፈልግም ስለሚችል ቀጠሮ ስትይዢ ምግብ ይከልከል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ደምም ይወሰዳል፣ ስኳሩ፣ ካልሲየሙ፣ ኩላሊቱ ይታያል፣ ምክንያቱም ኩላሊት ሲደክም ወይ ከኩላሊቱ በላይ ያለችው አድሬናል ዕጢ ሆርሞኗ ሲያንስ የሚመጣ ድክመትም እግር ያብረከርካል፣ ማስታገሻ ከመጀመሩ በፊትም ኩላሊትና ጉበቱ መታየቱ ጥሩ ነው። "ያማል ወይስ ድክመት ብቻ ነው? ነርቭ ገብቶበታል?" ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ፣ ሕክምናው በሙሉ የሚለያየው እዛ ጋ ነው።

የውሻ ማስታገሻ ከታዘዘለት ከምግብ ጋር ስጪው፣ በራስሽ መጠኑን አትጨምሪ፣ የተሻለው ሲመስልሽም ሐኪሙን ሳትጠይቂ ወዲያው እንደ ድሮው አታስሩጪው ምክንያቱም ህመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም። ካስመለሰው፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ኪኒኑን አቁሚና በዛው ቀን ደውዪላቸው።